በችካል የገመትኩት ቤት

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። የመቱን አስፋልት የሠሩት ሰዎች ገና ድንኳናቸውን ሳይነቅሉ ይመስለኛል፤ ኋላ የምነግራችሁ እትዬ ግን የለም ከዚያ በኋላ ነው ይላሉ። ወሩ ጥቅምት እንደነበር አውቃለሁ፤ የቆላው ቡና መቅላት ጀምሮ የደጋው ገና አረንጓዴ ነበር። ቀኖቹን ደግሞ አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ነው። እነዚያን አራት ቀኖች ዘልዬ የሥራ ዘመኔን ብጽፍ ዋሸሁ ማለት ነው።

እንድጽፍ ያደረገኝ ጡረታው ነው። ባለፈው ወር ማኅበራችን ጋቢ አልብሶ ሸኘኝ። ዛሬ ሥራዬን የሚሠራው ቅጽ ነው። ቤተሰቡ ይሞላዋል፣ ቀበሌው ማኅተም ያሳርፍበታል፣ ቢሮ ያለችው ልጅ በኮምፒውተር ትደምረዋለች። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ በሽኝቱ ዕለት አጠገቤ ተቀምጣ፣ "ጋሼ ተረፈ፣ ያለ ቅጽ እንዴት ነበር የሚገምቱት? ይጻፉልን እንጂ" አለችኝ። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ። ቢሆንም ደብተርና ጊዜ አለኝ፤ እነሆ ቀስ እያልኩ እጽፋለሁ።

ማኅበሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ያቋቋሙት የመቱ ነጋዴዎች፣ አስተማሪዎችና የዕድር ሰዎች ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለምም መስጊድ የሚሰግድም አለበት። ልጁ ኮሌጅ የገባለት፣ ክፍያው ግን ያልሞላለት ቤተሰብ ወደ ማኅበሩ ይመጣል። ማኅበሩ ሙሉውን አይከፍልም። መጀመሪያ ቤቱ ራሱ የሚችለው መጠን ይታወቃል፤ ይህን "የቤቱ ድርሻ" እንለው ነበር። ቤቱ ድርሻውን ይዞ ሲቀርብ የጎደለውን ማኅበሩ ይሞላል። ቤቱ ድርሻውን ካላመጣ ማኅበሩም እጁን አይዘረጋም። ድርሻውን የምገምተው እኔ ነበርኩ። ዝቅ አድርጌ ከገመትኩ ለሌላ ልጅ የሚተርፈው ያልቃል። ከፍ አድርጌ ከገመትኩ ልጁ ደጅ ይቀራል። ሥራው ይኸው ነው፤ ቀላል ይመስላል።

ግምት የተማርኩት ጎሬ ላይ ከሐጂ ሸምሱ ነው። ሐጂ ከስልጤ መጥተው ጎሬ ሱቅ የከፈቱ፣ ኋላ ወደ ቡና ንግድ የገቡ ሰው ነበሩ። እኔ የተቀጠርኩት ጆንያ ለመሸከም ነው። በዚያን ጊዜ ገበሬው ሲቸግረው ቡናውን ሳይለቅም በዛፉ ላይ እንዳለ ይሸጠዋል። እንግዲህ ማሳው ውስጥ ገብቶ "ከዚህ ይህን ያህል ጆንያ ይወጣል" የሚል ዓይን ያስፈልጋል። ሐጂ ያ ዓይን ነበራቸው። ይህን ሊያስተምሩ ለምን እኔን እንደመረጡ አላውቅም፤ ብዙ ስለማላወራ ይሆናል። ደመወዜ ከሸክሙ ብዙም አልበለጠም።

የሐጂን ልማድ እንዳየሁት ልናገር። ማሳውን ሁለት ጊዜ ይዞሩታል። አንዴ ፀሐይን ከኋላቸው አድርገው፣ አንዴ ፀሐይን ፊት ለፊት ተቀብለው። "ፀሐይ ከኋላህ ስትሆን ቡና ሁሉ ቀይ ነው" ይላሉ። መንገድ ዳር ያለውን ዛፍ አይነኩም፤ እሱ የታየ ዛፍ ነው። ወደ ውስጥ ገብተው፣ ከዛፉ ጀርባ አንድ ቅርንጫፍ ይይዙና ፍሬውን በየአንጓው በጣታቸው ይዳስሳሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የረገፈውን ያያሉ። ማሳ ውስጥ ሳሉ አይናገሩም። ግምታቸውን ሳይናገሩም ከባለቤቱ ቤት ውኃ እንኳ አይቀምሱም። "ሆድህ ከጠገበ ዓይንህ ይራራል፤ ከራበህም ይጨክናል፤ ከቤትህ በልተህ ና" ይሉኝ ነበር።

የመጨረሻዋ ልማዳቸው ግን ከሁሉም ትበልጣለች። ዙሩን ሲጨርሱ ድንጋይ ፈልገው ይቀመጣሉ። ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ። ባለቤቱን ቀና ብለው፣ "ያላየሁት ምን አለ?" ይላሉ። ከዚያ ዝም። መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ዝም። ያ ዝምታ እኔን ያስጨንቀኝ ነበር። አንድ ጊዜ ኖፓ ላይ አንድ ሽማግሌ ከረጅም ዝምታ በኋላ፣ "ከምንጩ በታች ያለው የወንድሜ ነው፤ የምሸጠው እሱ ሳያውቅ ነው" አሉ። ሐጂ ቆባቸውን አጥልቀው ተነሡ፤ ያን ቀን አልገዙም። በመንገድ ላይ፣ "አየህ ተረፈ፣ ዓይን ዛፉን ያያል፤ ባለቤቱን አያይም" አሉኝ። ሰማሁ። ሰማሁ እንጂ አልያዝኩትም፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ሐጂ ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው ሱቁን ዘግተው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። እኔ ኖፓ ትንሽ ሠራሁ፣ ቀጥሎ መቱ አንድ መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ቆምኩ። ቡና በገበሬዎች ማኅበር የሚሸጥበት፣ በኪሎ የሚመዘንበት ጊዜ መጣ፤ ገማች ፈላጊው አነሰ። አልፎ አልፎ የሚጠራኝ ነጋዴ ነበር እንጂ እንጀራዬ ከዚያ አልነበረም።

እትዬ ያገኙኝ ሚዛኑ ላይ ነው። መቱ ውስጥ እትዬ የሚባሉ ሴቶች ሞልተዋል፤ ስም ሳይጨመር "እትዬ" ብቻ ከተባለ ግን እሳቸው ናቸው። ከተማውን ግማሹን ፊደል ያስቆጠሩ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ የማኅበሩ ጸሐፊ ነበሩ።

"ተረፈ፣ የቡና ዛፍ አይተህ ጆንያውን ታውቃለህ አሉ።"

"እሞክራለሁ እትዬ።"

"ቤት አይተህስ?"

"ቤት እንደ ቡና አይደለም እትዬ።"

"አይደለም። ቡና አይዋሽም" አሉና ሳቁ። "ሰኞ ጠዋት ና።"

ሰኞ ሄድኩ፤ ከዚያ ብዙ ዓመት ሄድኩ። ጎሬ፣ ኖፓ፣ በቾ፣ የመቱ ጓሮዎች። ቤት ማየት የራሱ ጥበብ አለው። ቆርቆሮ አያታልለኝም፤ ቆርቆሮ የደህና ዓመት ትዝታ ነው እንጂ የዘንድሮ ኑሮ አይደለም። ምስማሩን አያለሁ፤ የላላው ተመቷል ወይስ በድንጋይ ተጭኗል? የቡና ማድረቂያው አልጋ ሽቦው አዲስ ነው ወይስ በገመድ የተጠገነ? ዛፍ ላይ የተሰቀሉት ቀፎዎች ንብ ይገባባቸዋል ወይስ ባዶ ናቸው? ሳሙናው ሲያልቅ ቁራጩ ከአዲሱ ጋር ተጣብቋል ወይስ ተጥሏል? ከዚያ ቤቱ እስከሚቀጥለው ለቀማ የሚበላውን አነሣለሁ፤ ከተረፈው እኩሌታውን ለትምህርቱ አደርጋለሁ። እኩሌታው ለቤቱ ይቀራል፤ በሽታም ለቅሶም አለና።

ከብት ላይ ነው ችግሩ። በእኛ አገር የሰው ከብት በጣት አይቆጠርም። "ስንት ላም አለሽ?" ብሎ መጠየቅም ነውር ነው፤ ዓይን ማሳረፍ ነው። ስለዚህ የራሴን ዘዴ አበጀሁ፤ ችካል እቆጥራለሁ። ላሞቹ ሜዳ ቢሆኑም በጋጣው ውስጥ የታሰሩበት ችካል አይሄድም። የተላገ፣ በገመድ የተበላ፣ ሥሩ እርጥብ እበት ያለበት ችካል ላም አለው። የደረቀው የለውም። ይህን ዘዴ ማንም አላስተማረኝም። ኮራሁበት።

በዚያው መጠን የሐጂን ጥያቄ ጣልኩት። ድሃ ደጃፍ ላይ ቆሞ "ያላየሁት ምን አለ?" ማለት "ምን ደብቀሻል?" ማለት መሰለኝ። ለትሕትና ብዬ ነው የተውኩት እላለሁ ሲጠይቁኝ። እውነቱን ለመናገር ዓይኔ በቂ ነው ብዬ ነው።

አዴ ጫልቱ ዘንድ የሄድኩት በመስከረም ማለቂያ ነው። ቤቷ ከበቾ ወደ ሶር ፏፏቴ በሚወስደው በኩል ነው፤ ነፋሱ ሲዞር የውኃው ድምፅ ደጇ ድረስ ይሰማል። ባሏ ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ልጇ ሌንሴ ነርስ ለመሆን መቱ ከሚገኝ አንድ የግል ጤና ኮሌጅ ተቀባይነት አግኝታለች። ምዝገባው የሚዘጋው በጥቅምት ውስጥ በዋለ አንድ ዓርብ ነው፤ ያ ዓርብ ካለፈ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

"በጋ ነጋን ዱፍተኒ ጋሼ፣ ይግቡ። እርጎ አለ" አለችኝ።

"ይቆየኝ አዴ። ሥራዬን ልጨርስ።"

"እርጎዬ ጉቦ ነው እንዴ?" ብላ ሳቀች። ሌንሴም ከበሩ ጀርባ ሳቀች።

ዞርኩ። ቡናው ደህና ነው። ቀፎ ሦስት፣ ሁለቱ ንብ አላቸው። ጋጣው ውስጥ ስድስት ችካል፤ ስድስቱም የተላጉ፣ ስድስቱም ሥራቸው እርጥብ። ለአንዲት ባልቴት ስድስት ላም። ልቤ ደስ አለው፤ ይህ ቤት ይችላል አልኩ። ከክፍያው ሦስቱ እጅ የቤቱ፣ አንዱ እጅ የማኅበሩ ብዬ አስመዘገብኩ። ለአዴ ጫልቱ ስነግራት፣ "ኢሺ ጋሼ" አለች። ሌንሴ እናቷን አየቻት። ያችን አስተያየት ያኔ ዕፍረት ብዬ ነው የተረጎምኳት።

አሁን ወደ አራቱ ቀኖች ልመለስ።

ማክሰኞ አንድ የመቱ ቡና ነጋዴ ጠራኝ። በቾ አካባቢ በዛፉ ላይ ያለ ቡና ሊገዛ ነው፤ ግምት ይፈልጋል። በሞተር ወሰደኝ። ከታች በወንዙ በኩል በጫካው መንገድ ስለገባን የት እንዳለሁ አላወቅሁም። የመጀመሪያውን ዙር ጨረስኩ። ፀሐይን ፊት ለፊት ተቀብዬ ሁለተኛውን ስጀምር ከማሳው ዳር አንዲት ሴት ቆማለች፤ ብርሃኑ ዓይኔን ስለወጋው ቀርቤ ነው የለየኋት። አዴ ጫልቱ ናት።

ገዢው ራቅ ብሎ ስልክ ያወራ ነበር።

"ቡናውን የምትሸጪው አንቺ ነሽ?" አልኳት።

"ለልጅቷ ነው ጋሼ። የቤቱ ድርሻ ላሉት።"

"በዛፉ ላይ ከሸጥሽው እኮ ግማሽ ዋጋውን ነው የምታገኚው። አንዷን ላም አውጥተሽ ብትሸጪ አይሻልም?"

መሬት መሬት አየች። አሥር ዓመት ከሐጂ ጋር ማሳ ዞሬአለሁ፤ መሬት የሚያይ ባለቤት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ባርኔጣዬን አውልቄ ጉልበቴ ላይ አደረግኩ።

"አዴ ጫልቱ፣ ያላየሁት ምን አለ?"

ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። የገዢው ወሬ ይሰማል፤ የወንዙም ድምፅ ይሰማል። ነጠላዋን ጣቷ ላይ ጠመጠመችው፤ ፈታችው።

"ችካሉ የእኔ ነው" አለች። "ከታሰሩት ግን ሁለቱ ናቸው የእኔ።"

"አራቱ ደባሬ ናቸው?"

"አፌን ይዤ ነው የተቀበልኳቸው ጋሼ። የማን እንደሆኑ አይጠይቁኝ።"

ደባሬ ማለት ከብት የተረፈው ሰው ከብት ለሌለው ሰው ላሙን የሚያስይዝበት ልማድ ነው። ወተቱና እበቱ የያዡ ነው፤ ላሟና ጥጃዋ የባለቤቷ ናቸው። አንዳንዱ ባለቤት ዘመድ እንዳያውቅበት፣ ወይም የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ሲል በምስጢር ያስይዛል። ያዡ ከተናገረ ላሟ በነጋታው ትወሰዳለች። እኔ የዚህ አገር ልጅ ነኝ፤ ይህን ከጡት ጋር ነው የጠጣሁት። ችካል ላሟን እንጂ ባለቤቷን እንደማያሳይ ማንም ሊነግረኝ አይገባም ነበር።

"ያን ዕለት ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቁኝማ" አለች። ቁጣ አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ገዢው ስልኩን ዘግቶ መጣ። "እህ ጋሼ ተረፈ፣ ስንት ጆንያ?"

"ዛሬ አልገምትም።"

"ምን ማለት ነው?"

"ዛሬ ዓይኔን አላምነውም።"

"ከሐጂ ሸምሱ ቤት የወጣ ዓይን ዛሬ ታመመ? መነጽር ልግዛልዎ?" ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋ። "መቱ ላይ ገማች የሚጠፋ እንዳይመስልዎ።" ሞተሩን አስነሥቶ ጥሎኝ ሄደ። እስከ በቾ በእግሬ ሄድኩ። ምዝገባው የሚዘጋበት ዓርብ ሊደርስ ሦስት ቀን ነው የቀረው። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ነበር የማስበው፤ ግምቴ ካልተነሣ ልጅቷ ወይ ትምህርቱን ታጣለች፣ ወይ ቤቱ ዓመቱን ያጣል። ግምቴን ለማንሣት ደግሞ ምክንያቱን መናገር አለብኝ። ምክንያቱን ከተናገርኩ ላሞቹ ይሄዳሉ፤ ወተቱም ይሄዳል።

ረቡዕ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢያችን የብረታ ብረት ሱቅ ያለው፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ቀጥተኛ ሰው ነው። ቆሜ፣ "የአዴ ጫልቱን ቤት አሳስቼ ገምቻለሁ፤ ድርሻው ይቀነስ" አልኩ።

"ምኑን አሳሳቱ?"

"ያልሆነውን ቆጠርኩ።"

"ምኑን?"

"ልናገረው አልችልም።"

ሰብሳቢው እስክርቢቶውን አስቀመጠ። "ጋሼ ተረፈ፣ የተመዘገበ ግምት አይነሣም፤ ደንቡ ሲወጣ እርስዎም ነበሩበት። ዛሬ ለአንዱ ብናነሣ ነገ አርባ ሰው በር ላይ ነው። ምክንያት አለ፣ ምክንያቱ ግን አይነገርም ይሉኛል። እኔ ይህን ለሌላው ምን ብዬ ላስረዳ?" ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ቀልድ አስመስሎ፣ "ስንት ሰጠችዎ?" አለ።

ማንም አልሳቀም። እኔም አልተቆጣሁም። ግምት የምጽፍበትን ደብተር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። የምሄድ መሰለኝ። እግሬ ግን አልተነሣም።

እትዬ እስከዚያ ቃለ ጉባኤ ይጽፉ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ "ደንቡ ላይ 'ገማቹ ካልተስማማ በሌላ ሰው ይታያል' የሚል አለ?" አሉ።

"የለም" አለ ሰብሳቢው።

"'አይታይም' የሚልስ አለ?"

"እሱም የለም።"

"እንግዲያው ነገ እኔ እሄዳለሁ።"

"እትዬ፣ ጉልበትዎ እኮ..."

"ጉልበቴ የኮሚቴ አባል አይደለም። ጻፍ" አሉት፤ እስክርቢቶው ግን በገዛ እጃቸው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት በሚኒባስ በቾ ድረስ አብረን ሄድን። ዝናብ ያካፋ ነበር። ከበቾ ወዲያ ያለው መንገድ ጭቃ ነው፤ እትዬ በአንድ እጃቸው ጃንጥላ፣ በሌላው የእኔን ክንድ ይዘው ይራመዳሉ። በየዳገቱ ይቆማሉ። ስለ ቤቱ አንድ ጥያቄ አልጠየቁኝም። አንዴ ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣ "ዝጋው" አሉኝ። "የያዝከውን ይዘህ ቆይ። የአንተን ዓይን ተውሼ ከገባሁ እኔ ምን ልሠራ ሄድኩ?" አዴ ጫልቱን የጠየቅኳትን የሐጂን ጥያቄ ግን ነገርኳቸው። ደግመው አስባሉኝ።

ቤቱ ሳይደርስ መንገድ ዳር ካለች ዋንዛ ሥር አስቆሙኝና ብቻቸውን ገቡ። ቆየሁ። ዝናቡ ቆመ፣ እንደገና ጀመረ። የውኃው ድምፅ ሲቀርብ ሲርቅ እሰማለሁ። እትዬ ከከተማ ሌላ የማያውቁ ሴት ናቸው፤ የገጠር ጋጣ አያውቁም፤ ስድስቱን ችካል አይተው "ተረፈ ልክ ነበር" ብለው ቢወጡስ? እንዲህ እያልኩ ዋንዛዋን ስንት ጊዜ እንደዞርኳት እንጃ።

ሲወጡ ፊታቸው ምንም አይነግርም። ጃንጥላቸውን ሰጡኝ።

"ጋጣውን አዩት?" አልኳቸው።

"አላየሁም።"

"ጥያቄውንስ ጠየቋት?"

"እሱን አንተ ጠይቀሃታል፤ ሁለት ጊዜ አናስጨንቃትም። እኔ ስለ ባሏ ነው የጠየቅኳት። ደግ ሰው ነበር አለችኝ፤ አለቀስን። ለተዝካሩ ምን አረዳችሁ አልኳት።"

"ምን አለች?"

"ባቄላ ነው የቀቀልነው አለችኝ።"

መንገዱ መሐል ቆምኩ። ስድስት ላም ያለው ቤት ለአባወራው ተዝካር ባቄላ አይቀቅልም። ይህን ለመረዳት ጋጣ መግባት፣ ችካል መቁጠር፣ የማንንም ምስጢር ማውጣት አያስፈልግም። እትዬ የጭቃውን መንገድ እያዩ፣ "ሌላም አለ" አሉኝ። "ያ ነጋዴ ትናንት ሌላ ገማች ይዞ ተመልሷል። የቡናውን እኩሌታ ሸጣለታለች። ቀብድ ተቀብላ ጣቷን አትማለች።"

ረቡዕ እኔ ኮሚቴ ፊት ስቆም እሷ ጣቷን በቀለም እየነከረች ነበር ማለት ነው።

ዓርብ ጠዋት እትዬ አዲሱን ግምት ለሰብሳቢው አቀረቡ። አንዱ እጅ የቤቱ፣ ሦስቱ እጅ የማኅበሩ።

"ምክንያቱስ?" አለ።

"የአባወራውን ተዝካር በባቄላ ያወጣ ቤት ነው።"

ሰብሳቢያችን የገበሬ ልጅ ነው፤ ያደገው ጎሬ ሥር ነው። ወረቀቱን ትንሽ አየው። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም፤ ፈረመ። አዴ ጫልቱና ሌንሴ ድርሻቸውን ይዘው ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ደረሱ፤ የኮሌጁ መስኮት የሚዘጋው ስድስት ሰዓት ነው። ሌንሴ ገንዘቡን ይዛ ሩጫ ቀረሽ ስትሄድ እናቷ እዚያው ቢሯችን ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሮ፣ "ጋሼ፣ ረቡዕ ያልኩትን..." አለ። "አልሰማሁህም" አልኩት።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ግን የቡናው ነገር አለ። ገዢው ዘንድ ሄጄ ቀብዱን መልሳ ቡናዋን እንድትወስድ ለመንኩት። "ጣቷን አትማለች ጋሼ፤ ደግሞ እርስዎ ገምተውላት ቢሆን ይሻላት ነበር" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሌላኛው ገማች ከማሳው የሚወጣውን በብዙ ዝቅ አድርጎ ነበር የገመተው። በኅዳር ለሥራ በዚያ ሳልፍ ለቃሚዎቹን አየሁ። አዴ ጫልቱ ቅርጫት ወገቧ ላይ አስራ በገዛ ማሳዋ የቀን ሠራተኛ ሆና ትለቅማለች። አየችኝና እጇን አነሣች። "አካም ጅርተኒ ጋሼ" አለችኝ። ሰላምታ ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም። መልሼላት አለፍኩ። ያ ማሳ ዛሬም በሕልሜ ይመጣል፤ ፀሐዩ ሁልጊዜ ፊት ለፊት ነው።

ሌንሴ ጨርሳ ኖፓ አካባቢ ጤና ጣቢያ እንደምትሠራ ሰምቻለሁ። ሄጄ አላየኋትም። ምን ልላት?

ከዚያ ለቀማ በኋላ ሥራውን ልተው ብዬ እትዬ ቤት ሄድኩ። ከጠረጴዛቸው መሳቢያ ረቡዕ ትቼው የወጣሁትን ደብተር አወጡ። ለካ እሳቸው ዘንድ ኖሯል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በዚያ የጥቁር ሰሌዳ በሚመስል ጽሕፈታቸው ጽፈውበታል፤ ያላየሁት ምን አለ?

"በየደጁ ጠይቅ" አሉኝ። "ጠይቅና ዝም በል። ዝምታው ካቃተህ ደግሞ ስለ ሙታናቸው ጠይቅ። ሰው ያለውን ይደብቃል፤ ለሙታኑ ያወጣውን አይደብቅም።"

"ከእንግዲህ ማን ያምነኛል እትዬ?"

"ከእንግዲህ ነው የምትታመነው። ስህተቱን ለብሶ የቆመ ገማች አንተ ብቻ ነህ።"

ጥያቄዋን ከዚያ ወዲህ በአንድም ደጅ አልዘለልኳትም። አንዳንዴ መልስ አገኘሁ፣ አንዳንዴ ዝምታ ብቻ። ዝምታውንም መገመት ለመድኩ። ችካል መቁጠር አልተውኩም፤ ግን ከቆጠርኩ በኋላ እቀመጣለሁ።

እንግዲህ ቢሮ ላለችው ልጅ የምለው ይህን ነው። ቅጽሽ ጥሩ ነው፤ የእኔ ዓይን ይረሳል፣ ቅጽ አይረሳም። ከመጨረሻው መስመር በታች ግን ትንሽ ባዶ ቦታ ተዪ፤ ጥያቄዋንም እዚያ ጻፊያት። የሚጽፍ ባይኖርም ባዶው ይታይሽ።

ይህን ጽሑፍ ባለፈው እሑድ ለእትዬ አነበብኩላቸው። ዓይናቸው አሁን ፊደል አይለይም፤ ጉልበታቸውም ከአልጋ አያወርዳቸውም። እስከ መጨረሻው ሰሙና ሁለት ቦታ ላይ አረሙኝ። የአስፋልቱን ነገር በተመለከተ አልተስማማንም። ልወጣ ስነሣ፣ "የእኔን ስም እንዳታስገባ" አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። በሕይወቴ ለእሳቸው እሺ ብዬ ያልፈጸምኩት ይህን ብቻ ነው።

ስማቸው አስካለ በዳዳ ነው።